ቀለበቱ ሲዘጋ

ማቶዚኞሽ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጉሙ ከባሕር ወጥቶ
ከሰርዲን ፋብሪካው በር ቆሟል፣ እንደ ባለጉዳይ ተጠግቶ።
እኔም መሣሪያዬን እንደ ሕፃን ልጅ አዝዬ፣
ከአናቴ በላይ አራት ዓይን አብቅዬ፣
ደረቴ ላይ ስክሪን፣ ወገቤ ላይ ባትሪ፤
«ሳይፈርስ በፊት» ተብያለሁ፣ «እያንዳንዱን ጡብ ቁጠሪ»።

ሆቴል ሊሆን ነው፤ ጣሪያው ላይ ባለ መዋኛ ገንዳ፤
መሐንዲሱ ሊዝበን ተቀምጦ ልክ ይሻል፦ የአዳራሽ፣ የጓዳ፣
የምሰሶ ውፍረት፣ የጣሪያ ጉብጠት፣
ግንቡ ስንት ጣት እንደ ዘመመ በዘጠና ዓመት።

ቁልፍ ያዡ ቤልሚሮ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ፤
አርባ አንዱን እዚህ ፈጅቷል፤ ዛሬም ዓሣ ይሸታል ኮቱ።
«በሮቹን ሁሉ ክፈት» አልኩት። «መስታወቱን በጨርቅ ሸፍን፤ ማሽኑ ሞኝ ነው፣ ያምናል፤
ከመስታወቱ ጀርባ ሌላ አዳራሽ አለ ይላል።»
«ሸፈንኩት» አለ። «እኛ ቤት፣ ሰው ሲሞት ነው እንዲህ የሚደረግ።»
ያሰረበት ሲባጎ የመረብ ነው፤ ቋጠሮውም እንደ ወግ።

ይህ ሥራ አካሄድ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም፤
ብሮጥ ይደናገራል፤ ብዘገይ አይታገሥም።
አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ አስተናጋጅ፣
ቀስ፣ ቀስ፤ ከማብሰያው ክፍል እስከ ጫኞቹ ደጅ።
በየስምንት እርምጃው ቀጥ እላለሁ። አራቱ ዓይን ባንድ ጊዜ ጨፈን ይላል፤
ጣሪያው፣ ወለሉ፣ የፊቴ፣ የኋላዬ፣ ሁሉም አንድ ድቡልቡል ዓለም ይሆናል።
ፎቶ አንሺ ይመርጣል፤ ይህ ግን አይመርጥም፤
ለቆንጆው አያደላ፣ ከዝገቱ አይሸሽም፦
የተገለበጠ ወንበር፣ ዘይቱ የደረቀ ሞተር፣
ግድግዳው ላይ በጠመኔ፣ «ሐሙስ ደመወዝ»። የየትኛው ዓመት ነበር?

አራቱም ዓይን የማያየው አንድ ሰው አለ፦ ተሸካሚው።
ምስሉ ሲዘረጋ፣ እኔ በቆምኩበት ክብ ጥላ ነው የሚቀረው።

«ከኋላዬ ሁን» ብዬው ነበር፤ ኋላ ግን የለውም ይህ ነገር፤
ስለዚህ ስቆም ከምሰሶ ይለጠፋል፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ጡብ፣ እንደ ማገር።
«አየኝ?» ይላል ድምፁ ብቻ። ድብብቆሽ፣ በሰባ ሁለት ዓመቱ።

ማሸጊያው አዳራሽ ስንገባ ግን መሸሸጉን ረሳ፤
ከአሥራ አራተኛው ጠረጴዛ ሄዶ፣ አቧራውን በመዳፉ አነሣ።
«ዴኦሊንዳ እዚህ ትቆም ነበር። ጭንቅላት በመቀስ፣ ጅራት በመቀስ፤
ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ፤ እጇ አያርፍም ሳይረኑ እስኪያለቅስ።
እኔ በረዶ ገፊ ነበርኩ። ሳልፍ ቀና አትልም።
አሥራ አንድ ዓመት ገፋሁ። አንድ ቀን ቀና አለች።» ይህን ብሎ አልቀጠለም።

«እዚህ አንሺኝ» አለ በኋላ።
ደንቡ አይፈቅድም። አውቃለሁ።
ባዶ ቤት ታዝዣለሁ፤ በባዶ ሜትር ካሬ እከፈላለሁ።
ሦስት እርምጃ ነው የሄድኩት፤ ስምንቱ ገና አልሞላም፤
ቀጥ አልኩ። አራቱ ዓይን ጨፈን አለ። እሱ ግን አልጨፈነም።

መጨረሻው መጀመሪያው ነው፤ ማሽኑ ይህን ያስገድዳል፦
ከተነሣሁበት ካልተመለስኩ፣ መንገዱ በትንሽ በትንሹ ይስታል፤
ጣት በጣት እየተንጋደደ፣ ቤቱ ይጣመማል በሐሳብ፤
ቀለበቱ ሲዘጋ ነው ሁሉ የሚገባው፣ ከልክ፣ ከሒሳብ።
ጉሙ በለቀቀው በር፣ ያው ምልክት ላይ ቆምኩ፤
ስክሪኑ አረንጓዴ በራ፤ ማሰሪያውን ፈትቼ ሸክሜን አወረድኩ።

ማታ ቢሮ፣ ምስሎቹን ስዘረጋ፣ ሕግ ቀድሞኝ ሠርቷል፤
ፕሮግራሙ ፊት ባገኘበት ሁሉ ጭጋግ ቀብቷል።
የቤልሚሮ ፊት ጉም ነው፤ የጠዋቱ ጉም ተመልሶ፤
ኮቱ ብቻ፣ ቁልፉ ብቻ፣ መዳፉም እብነ በረዱን ዳስሶ።
ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቆ አንድ ክብ ጥላ፤ ያ እኔ ነኝ።
«ሰው ያለበትን ሰርዢ» ይላል መመሪያው፤ ጣቴ ግን እንቢ አለኝ።

ነገ መሐንዲሱ ይደውላል፦ «ሠላሳ አንደኛው ምስል ላይ
ይህ የቆመው ምሰሶ ነው? በንድፌ የለም፤ ወይስ እኔ ነኝ የማላይ?»
«ተሸካሚ ነው» እለዋለሁ።
«አትንካው።»